ሎሚ ግዢና ነይ

ባለፈው ቅዳሜ ለሰላጣ ሎሚ እየቆረጥኩ ነበር። ባለቤቴ ተስፋዬና ትልቁ ልጃችን ናሆም ሳሎን ቁጭ ብለው፣ ስልክ ላይ ካርታ ከፍተው የባሌን መንገድ ያቅዳሉ። ሻሸመኔ፣ ዶዶላ፣ ጎባ፤ ከዚያ ሰነቴን ወጥቶ በሐረና ጫካ መውረድ። ናሆም መታጠፊያዎቹን በጣቱ እየተከተለ "አባ፣ እየው እስቲ፣ አንጀት እኮ ነው የሚመስለው" ይላል። እኔም ከወጥ ቤት ሆኜ ደስ እያለኝ እሰማቸዋለሁ። ጤና ሰጥቶን፣ መኪና ተገኝቶ፣ አገር ልናይ ነው። ተመስገን ከማለት በቀር ምን ይባላል።

ከዚያ ተስፋዬ ትንሿ ልጃችን እንዳትሰማ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ሶልያናን እንዴት እናድርጋት? ያቺ ልጅ እንኳን ባሌ፣ ጎፋም ሳታስታውክ አትደርስ።"

"አክስቴ ጋ ትቅራ" አለ ናሆም።

"ካወቀች ቤቱን በለቅሶ ታፈርሰዋለች። አርብ ማታ እዚያ ትደር፤ ጠዋት ሳትነቃ እኛ ሹልክ ነው። ሸወድ ማድረግ ነው እንጂ ሌላ ዘዴ የለውም።"

ቢላዋውን አስቀመጥኩት። እጄ በሎሚ ርሶ ነበር። ሽታው አፍንጫዬ ገባ። ብዙ የምናገር ሰው አይደለሁም። ንዴቱ ግን መጣ። በባለቤቴ ብቻ የመጣ አይደለም። ከእሱ በፊት የቆየ ንዴት ነው።

ያን ክረምት ሰባት ዓመቴ ነበር። መካኒሳ አቦ፣ እማማ ጫልቱ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። እማማ ጫልቱ የሰፈሩ የጥንት ሰው ናቸው። የእሳቸው እርሻ በቤት ተይዞ ቢያልቅም ጓሮ ላሞች ነበሯቸው፤ ወንድማቸው ደግሞ ፉሪ ገና ያርሳል። ግቢው ክረምት ክረምት ጭቃና ወተት ይሸታል። እሳቸው ከላሞቹ ጋር በኦሮምኛ፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ ያወራሉ፤ ሲቆጡ ሁለቱንም ይቀላቅሉታል።

አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ዓመቱን ሙሉ ወደ ሰሜን ይመላለሳል። የተወለደው ላስታ ነው፤ እናቱ፣ እኛ እናት ዓለም የምንላት አያቴ፣ ከጋሸና ወዲያ ተራራ ላይ ትኖር ነበር። አይቻት አላውቅም። ወንድሜን ዳዊትን ገና ሲድህ ወስደውት አይታዋለች። እኔን በስም ብቻ ነው የምታውቀኝ። አባቴ በሄደ ቁጥር "ያቺን ልጅ ሳታሳየኝ ልትቀብረኝ ነው?" ትለዋለች። ይህንን እራት ላይ እየሳቀ ይነግረናል። እኔ አልስቅም። አንዲት ሴትዮ ተራራ ላይ ቁጭ ብላ እኔን የምትጠብቅ ይመስለኝ ነበር፤ ዝናብ ሲዘንብ እንኳ ወደ ቤት የማትገባ።

ያን ክረምት የአባቴ አሠሪ ላንድክሩዘሩን ሊያውሰው ቃል ገባለት። ከእንቁጣጣሽ በኋላ፣ ትምህርት ሳይጀመር፣ አራታችንም ልንሄድ ሆነ።

"እንደ ጭነት ጭልጥ ብሎ መሄድ የለም" አለ አባቴ። "እየቆምን፣ እያየን ነው። እኔ ያን አገር ዕድሜዬን ሙሉ ሳየው የኖርኩት በመስታወት ነው። አንድ ቀን ወርጄ ልየው።"

ከሥራ በተመለሰ ቁጥር በረንዳው ላይ ቆርኪ ይደረድራል። የለስላሳ ቆርኪ ደብረ ብርሃን፣ የአምቦ ውኃ ቆርኪ ጣርማ በር፣ የዛገው ደሴ። ከወልድያ በኋላ ቆርኪዎቹን ያጠጋጋቸዋል፤ ወዲህ ወዲያ፣ ወዲህ ወዲያ።

"ይሄ ዲልብ ነው። መኪናው ተራራውን እየዞረ ነው የሚወጣው። ጫፍ ደርሰሽ ወደ ታች ስታይ የመጣሽበት መንገድ እንደወደቀ ገመድ ተጣጥፎ ታይዋለሽ።"

"ጣርማ በር ላይስ?"

"ጣርማ በር ላይ ደመናው ከእግርሽ ሥር ነው።"

ደመና ውኃ መሆኑን ከትምህርት ቤት አውቃለሁ። ስለዚህ የላስቲክ ቦት ጫማዬን አጥቤ፣ በጨርቅ ወልውዬ አልጋዬ ሥር አስቀመጥኩ። እግሬ ደመናው ውስጥ ሲገባ እንዳይርስ።

ችግሩ እኔ ነበርኩ። መኪና ያስታውከኛል። ቤንዚን ሲሸተኝ ገና አፌ ምራቅ ይሞላል። ዳዊት "ትውከታም" ብሎ ስም አውጥቶልኝ ነበር፤ የሰፈሩ ልጆችም ለመዱት። ቆርኪዎቹ ዲልብ ላይ ሲደርሱ ጉንጩን ነፍቶ፣ ዓይኑን አፍጥጦ፣ በረንዳው ላይ እንደሚያስታውክ ያስመስላል። እናቴም ትስቃለች።

አንድ ቀን አባቴ ፊት ቆሜ "እኔ አላስታውክም" አልኩት።

"እስቲ እናያለን። ሜክሲኮ ደርሰሽ ሳታስታውኪ ከተመለስሽ ትሄጃለሽ።"

"ቃልህ ነው?"

"ቃሌ ነው። እማማ ጫልቱ ይመስክሩ።"

እማማ ጫልቱ ሜክሲኮ አካባቢ አይብና ቅቤ የሚወስዱላቸው ደንበኞች ነበሯቸው። እሳቸው ሲሄዱ እኔም አብሬ ታክሲ መሳፈር ጀመርኩ። የመጀመሪያ ቀን ሳር ቤት ሳንደርስ አስታወክሁ። በሌላ ቀን የረዳቱ ጫማ ላይ።

"እማማ! በማርያም፣ ልጅቷን ያውርዱልኝ!" አለ ረዳቱ አንድ እግሩን አንጠልጥሎ።

"ጫማህ ይታጠባል፤ አንተ ተወልደህ አላስታወክህም?" አሉት።

እያለቀስኩ ስንመለስ ከጉያቸው ሎሚ አወጡ። በጥፍራቸው ቆዳውን ጫር አድርገው አፍንጫዬ ሥር ያዙልኝ።

"ሲያቅለሸልሽሽ ይሄን አሽቺ። በጎን በኩል አትይ፤ ዛፉም ቤቱም ይሮጥብሻል። ከፊት፣ መንገዱን ብቻ እይ። ሹፌሩ አስታውኮ ያውቃል? አያውቅም። ለምን? መንገዱን ስለሚያይ ነው።"

ከዚያ በኋላ ክረምቱን ሙሉ ሎሚ ሎሚ ስሸት ከረምኩ። ኪሴም፣ ትራሴም ሎሚ ሆነ። በመጨረሻ አንድ ቀን ሜክሲኮ ደርሼ ተመለስኩ። ለትውከት የያዝነው ፌስታል ባዶ ነበር። እማማ ጫልቱ ከታክሲ እንደወረድን በግቢው ሁሉ እልል አሉ፤ ላሞቹ ሳይቀሩ ዞረው አዩን።

አባቴ ማታ ሲመጣ ሰማና "ጎበዝ!" ብሎ ወደ ላይ አነሳኝ።

"እሄዳለሁ?"

"እግዚአብሔር ካለ።"

እናቴንም ጠየቅኋት። ልብስ እያጠበች ነበር። ቀና ሳትል "እግዚአብሔር ካለ፣ ልጄ" አለችኝ።

እኔ የገባኝ እንዲህ ነው። የአባቴን ፈተና አልፌያለሁ፤ አሁን የቀረው የእግዚአብሔር ነው። ከተባለው ሌላ ምን ልረዳ እችል ነበር? ፍልሰታ ገብቶ ስለነበር ቅዳሴ እስኪወጣ ጾምኩ። ሌሎቹ ልጆች ለመቁረብ ይጾማሉ፤ እኔ ግን "እሺ" እንዲለኝ ነበር የምጾመው። ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሜ ግንባሬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ "አቡዬ፣ እባክህ ንገርልኝ። አላስታውክም በልልኝ" እል ነበር። የሆዴ ጩኸት እስኪሰማኝ ድረስ እቆማለሁ። ከሰባት ዓመት ልጅ የበለጠ አማኝ አላየሁም።

እንቁጣጣሽ አለፈ። ላንድክሩዘሩ መጥቶ ግቢ ውስጥ ቆመ። በመጨረሻዋ ማታ ዳዊት ከዳቦው ትልቁን ለእኔ ሰጠኝ።

"መስኮቱ ጋ አንቺ ትቀመጫለሽ፣ ራሒ" አለኝ።

"ራሒ" ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም ነበር። ወንድሜ የወደደኝ መሰለኝ። ለካ ያውቅ ነበር።

ጠዋት እናቴ ፀጉሬን አበጠረችልኝ። ቦት ጫማዬን አደረግሁ።

"ራሒዬ፣ ሎሚ ግዢና ነይ። ለመንገድ" አለችኝ። "ከዚች ሱቅ አይደለም። ከታች፣ ከድልድዩ ወዲያ ካለችው ሴትዮ ግዢ። የእሷ ነው ጥሩው።"

ሮጥኩ። ቦቱ ባዶ እግሬን እየፋቀው ሮጥኩ። ሴትዮዋ ስትመርጥልኝ "ቶሎ በይ፣ ላስታ ልንሄድ ነው" አልኳት። "እሰይ፣ ለእኔም ጸልዪልኝ" አለችና አንድ ጨመረችልኝ። ሎሚዎቹን በቀሚሴ አቅፌ ተመለስኩ።

በሩ ክፍት ነበር። መኪናው የቆመበት ቦታ ጭቃው ላይ የጎማ መስመር ብቻ አለ። መጀመሪያ ቤንዚን ሊቀዱ የወጡ መሰለኝ። ገብቼ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ፤ እንዳያመልጡኝ ቦቴን አላወለቅሁም። ከዚያ ቀና ስል ቀሚሴን አየሁት። ማታ እናቴ አጣጥፋ ሻንጣ ውስጥ የከተተችው አዲሱ ቀሚሴ ሚስማሩ ላይ ተመልሶ ተሰቅሏል።

ያን ጊዜ ገባኝ።

ዛሬ እኔም እናት ነኝ። ያን ቀሚስ ከሻንጣ አውጥታ፣ ዘርግታ፣ ሚስማር ላይ ስትሰቅል እናቴ ምን ታስብ እንደነበር ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። እንዳይጨማደድ ነው ያሰበችው። ሌላ መልስ አላገኘሁለትም።

እማማ ጫልቱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በረንዳው ላይ ከቆርኪዎቹ አጠገብ አገኙኝ። ነጠላቸውን ሳያወርዱ ቆሙ።

"ምነው ቦት አደረግሽ? ዝናብ የለ።"

"ለደመናው ነው።"

ቀሚሴ ላይ ያሉትን ሎሚዎች አዩ። ፊታቸው ተለወጠ።

"እናትሽ እኮ አንቺ እሺ ብለሽ እንደምትቀሪ ነግራኛለች። አደራ ብላኝ... አንቺ አላወቅሽም?"

ራሴን ነቀነቅሁ።

ሌላ ትልቅ ሰው ቢሆን "ማታ ይመጣሉ" ይለኛል። "ከረሜላ ልግዛልሽ" ይለኛል። እማማ ጫልቱ አጠገቤ መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

"ዋሽተውሻል" አሉኝ። "እኔንም ዋሽተውኛል።"

ከዚያ በኋላ ነው ያለቀስኩት። አላባበሉኝም። ዝም ብለው አብረውኝ ተናደዱ። ስለዚያ ቀን ሳስብ እግዚአብሔርን የማመሰግነው ለዚህ ነው፤ አጠገቤ የሚናደድልኝ ሰው ስላስቀመጠልኝ።

የሚቀጥለው ሰንበት ፉሪ፣ ወንድማቸው ጋ ወሰዱኝ። ግማሹን በጋሪ፣ ግማሹን በእግር ሄድን። ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል። ከብቶቹ ከሚውሉበት ከፍታ ላይ ስንወጣ ከሩቅ አንድ ሰማያዊ ተራራ ብቻውን ቆሟል። እኔም ቆምኩ። እዚያ ነው የሄዱት። ያቺ ሴትዮ ያለችው እዚያ ነው።

ኪሴ ውስጥ የደረቁ ሎሚዎች ነበሩ። አንዱን አውጥቼ ባለኝ ኃይል ወረወርኩት።

"አንተ ሌባ ተራራ!" አልኩ። "ቆሻሻ!"

"ኧረ አፍሽን ያዢ!" እማማ ጫልቱ ሦስት ጊዜ አማተቡ። "ዝቋላ እኮ ነው! አቡዬ ያሉበት ነው የምትሰድቢው!"

"ላስታ አይደለም?"

ትከሻዬን ይዘው ወደ ኋላ አዞሩኝ። እንጦጦ ከከተማው በላይ በጉም ተጋርዶ ነበር።

"ላስታ ከዚያ ወዲያ ነው። በጣም ወዲያ። ከዚህ አይታይም።"

የሚታይ ነገር እንኳ አልነበረኝም። ሣሩ ላይ ቁጭ አልኩና ሳምንቱን ሙሉ ያፈንኩትን ተናገርኩ።

"እግዚአብሔር እንቢ አለኝ።"

"ማን ነው እንዲህ ያለሽ?"

"እናቴ። እግዚአብሔር ካለ ትሄጃለሽ አለች። ጾምኩለት። ሳላስታውክ ሜክሲኮ ደረስኩ። እሱ ግን አላለም።"

እማማ ጫልቱ እንዲያ ሲቆጡ አይቼ አላውቅም። አገጬን ይዘው ቀና አደረጉኝ።

"ስሚ፣ ኢንተላ ኮ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "እግዚአብሔር ምን አደረገ? መኪናውን ያስነሳው እሱ ነው? አባትሽ ነው ያስነሳው። ቀሚስሽን የሰቀለው እሱ ነው? እናትሽ ናት። እነሱን ተቆጪ። መቆጣት ካማረሽ እነሱ አሉልሽ። እሱን ግን ተዪው፤ ስሙን ጠሩት እንጂ አልጠየቁትም።"

የቄሶችን ስብከት ብዙ ሰምቻለሁ፤ ከብዙው ተምሬያለሁ። እምነቴን ያተረፈልኝ ግን ይህ ነው። አሁንም አቦ ስሳለም ለነፍሳቸው ሻማ አበራለሁ።

የሄዱት ተመለሱ። ላንድክሩዘሩ በቀይ አፈር ተቀብቶ ግቢው ውስጥ ገባ። አባቴ በሩን ከፍቶ ሲወርድ እማማ ጫልቱ የወተት ጣሳቸውን ይዘው ፊቱ ቆሙ።

"ልጅህ ሎሚውን ይዛ መጥታለች" አሉት።

አባቴ ሳቀ። "እንዳታለቅስ ብለን ነው፣ እማማ። ልጅ አይደለች፣ ትረሳዋለች።"

"እንዳታለቅስ ነው? ወይስ ለቅሶዋን እንዳትሰማው?"

አባቴ ዞሮ ዕቃውን ማውረድ ጀመረ።

ዳዊት ከኋላ ወንበር የወረደው መጨረሻ ላይ ነው። ፊቱ ገርጥቷል፤ ሸሚዙ ይሸታል።

"ማን አስታወከ?" አልኩት።

"ዲልብ ላይ... ስንወጣም ስንወርድም።" መሬት መሬት አየ። "ሎሚ አልነበረንም።"

አልሳቅሁበትም። አሁን ግን ሳስበው እስቃለሁ፤ ይህን አልደብቅም።

ማታ እናቴ ከዕቃው መካከል አንድ ትንሽ ጠርሙስ ጸበልና በጨርቅ የተቋጠረ እምነት አወጣች። "እናት ዓለም ለአንቺ የላከችው ነው" አለችኝ። ቋጠሮው ጭስ ጭስ ይሸታል። ጨርቁ ከራሷ ነጠላ የተቀደደ ነበር፤ ጥለቱ አለበት።

"ለምን ጸበል ላከችልኝ?"

እናቴ ዕቃውን ማውጣት ቀጠለች። ዳዊት ነው የተናገረው፤ ልጅ ነውና።

"አሟታል ብለው ነዋ የነገሯት። እናት ዓለም አለቀሰች። ሌሊቱን ሙሉ ስትጸልይልሽ አደረች።"

"ዳዊት!" አለች እናቴ።

ስለዚህ ነገሩ ይህ ነው። እኔን በሎሚ፣ እማማ ጫልቱን በአደራ፣ አያቴን በበሽታ። አንዲት ልጅ እንዳታለቅስ ተብሎ አንዲት አሮጊት ተራራ ላይ አለቀሰች። ጤነኛ ልጅ ቦት ጫማ አድርጋ በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ ሳለ፣ እዚያ ማዶ ስለ በሽታዋ ይጸለይላታል።

እምነቱን ግንባሬ ላይ ተቀባሁ። ጸበሉን ጠጣሁ። የተነገራት ውሸት ቢሆንም ጸሎቷ እውነት ነበር፤ ያን ያህል በሰባት ዓመቴም ገብቶኛል። ጨርቁን አልጣልኩትም። ዛሬም አለኝ። እናት ዓለም ዓመት ሳይሞላ ሞተች። መልኳን አላውቀውም፤ የነጠላዋን ጥለት አውቃለሁ፤ አረንጓዴ ነው።

አባቴ እዚያው ሳምንት ቆርኪዎቹን ደርድሮ የትኛው ተራራ ላይ ምን እንዳዩ ሊያሳየኝ ሞከረ። አልተቆጣሁትም። ተነስቼ መጥረጊያ አመጣሁና በረንዳውን ጠረግሁት፤ ደብረ ብርሃንን፣ ደሴን፣ ዲልብን። እሱም እግሩን አነሳልኝ።

ባለፈው ቅዳሜ እጄን ሳልታጠብ ሳሎን ገባሁ።

"ሶልያና ትሄዳለች" አልኩ።

ተስፋዬ ከስልኩ ቀና አለ። "ታስታውካለች እኮ፣ ራሒ። ሰነቴን ታውቂዋለሽ?"

"ታስታውክ።"

"እኔ ለእሷው ብዬ ነው። እንዳታለቅስ..."

"ተስፋዬ!" አልኩት። ሌላ አልጨመርኩም። አሥራ አራት ዓመት አብረን ኖረናል፤ ድምፄን ያውቀዋል። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋው። ናሆም አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየ።

ሶልያናን ከመኝታ ቤት ጠራኋት። አሻንጉሊቷን በፀጉሯ እየጎተተች መጣች። ተንበረከክሁና የሎሚውን ግማሽ እጇ ላይ አስቀመጥኩላት።

"ባሌ የሚባል ተራራ ልናይ ነው። መንገዱ ሩቅ ነው፤ ይጠማዘዛል። ሊያስታውክሽ ይችላል። ትሄጃለሽ?"

ሎሚውን አሸተተችና ፊቷን አጨማደደች።

"እውነት እሄዳለሁ?"

"እግዚአብሔር ካለ" ልላት አፌ ላይ ደረሰ። ሁልጊዜ የምለው ነው፤ አምኜበትም ነው የምለው። ዓይኗን አየሁና ዋጥኩት። እግዚአብሔርም ለምን እንደዋጥኩት ያውቅልኛል።

"አዎ" አልኳት። "እኔ ብያለሁ። ፌስታሉንም እኔ እይዝልሻለሁ።"